ጂኑን እየጣለ የኖረው ባክቴሪያ፦ ጥያቄና መልስ

የምሠራው ከባክቴሪያ ዲኤንኤ ጋር ነው፤ አብዛኛውን ቀን ኮምፒውተር ፊት፣ አልፎ አልፎ ቤተ ሙከራ ውስጥ። ስለ ባክቴሪያ ጂኖምና ስለ ዝግመተ ለውጡ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡልኝን እነሆ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጂኖም ሲባል ምን ማለት ነው? የባክቴሪያውስ ከእኛ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዲኤንኤ በኬሚካል ፊደሎች የተጻፈ መመሪያ ነው፤ ለአንድ ሥራ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፕሮቲን ለመሥራት፣ የሚያገለግለው ቁራጭ ጂን ይባላል። የአንድ ፍጡር ዲኤንኤ በሙሉ ተደምሮ ደግሞ ጂኖም ይባላል። የሰው 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ደግሞ ወደ 4.6 ሚሊዮን። ባክቴሪያ ቦታ አያባክንም። ጂኖቹ እንደ መርካቶ ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፤ በእኛ ዲኤንኤ ግን ከአንዱ ጂን ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ጊዜ ረጅም ሜዳ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ይህን መተፋፈግ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ሥጋ ደዌ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የተነበበው የየትኛው ባክቴሪያ ነው?

መልስ፦ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው፣ በ1995፤ 1.8 ሚሊዮን ፊደል። ስሙ ያሳስታል። ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በተሳሳተ ጥርጣሬ የወጣለት ስም ተጣብቆበት ቀረ። ዘዴው ዛሬም ያስደንቀኛል። አንድን ጋዜጣ በብዙ ቅጂ ገዝታችሁ ሁሉንም እንደመጣላችሁ ቀዳዱት፤ ከዚያ የሚደራረቡ መስመሮችን እያያችሁ ቁርጥራጩን መልሳችሁ ግጠሙት። ዲኤንኤውንም እንዲሁ ሰባብረው አነበቡት፤ መግጠሙን ለኮምፒውተር ተዉለት። የቲቢው በ1998፣ የሥጋ ደዌው በ2001 ተከተሉ።

ጥያቄ፦ ኮሮናም ባክቴሪያ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ቫይረስ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ ተምረናል። ታዲያ ቲቢ በቤተ ሙከራ እየበቀለ ይህኛው ለምን እምቢ ይላል?

መልስ፦ ከሁሉም የወደድኩት የእርስዎን ጥያቄ ነው። ቲቢን የምናሳድገው እንቁላል በሚገባበት አረንጓዴ መብል ላይ ነው። ጠርሙሱን ዘግተን ሳምንታት እንጠብቃለን፤ አንድ ቀን የዳቦ ፍርፋሪ የመሰለ ሻካራ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። የሥጋ ደዌውን ብናደርግበት ግን ዓመት ብንጠብቅም ምንም የለም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 በማይክሮስኮፕ ካየው ወዲህ እንዲህ ባለ መብል ላይ ማሳደግ አልተቻለም። ተመራማሪዎች የሚያራቡት በአይጥ መዳፍና አርማዲሎ በሚባል የአሜሪካ እንስሳ አካል ውስጥ ነው።

ጂኖሙ ሲነበብ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቲቢ 4.4 ሚሊዮን ፊደልና ወደ 4,000 ጂን አለው። የሥጋ ደዌው 3.27 ሚሊዮን ፊደል ይዞ የሚሠሩለት ጂኖች 1,600 ያህል ብቻ ናቸው። ከ1,100 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሞተው ሬሳቸው እዚያው ቀርቷል። ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል ከጂኖሙ ግማሽ አይሞላም፤ የመርካቶው ሱቅ ገሚሱ ተዘግቷል ማለት ነው።

አንድ ጂን እንዴት እንደሚሞት ላሳይዎት። ሴል ጂንን የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ነው። «አበበ ከበደ ገበሬ ነበረ» የሚል ጂን አለ እንበል። ከመጀመሪያው ቃል አንድ «በ» ትውደቅ። ሴሉ አሁንም ሦስት ሦስት እየቆጠረ «አበከ በደገ በሬነ በረ» ብሎ ያነባል። የጠፋችው አንዲት ፊደል ናት፤ የተበላሸው ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ነው። የሁለቱን ባክቴሪያዎች ጂን በኮምፒውተር ጎን ለጎን ስዘረጋ እንዲህ ያለውን ስብራት ደጋግሜ አያለሁ፦ አብረው ሲሄዱ ይቆዩና አንዱ በድንገት መንገድ ይስታል።

ይህ ሁሉ ተበላሽቶ እንዴት ኖረ? መኖሪያው የሰው ሴል ውስጥ ነው፤ ነርቭን የሚሸፍኑትን ሴሎች በተለይ ይወዳል። እዚያ ማዕዱ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። እንጀራ መጋገር ያቆመ ሰው ምጣዱ ቢሰነጠቅ ጉዳዩ አይደለም። ብልሽቱ ባለቤቱን ካልጎዳው የሚያስወግደው ነገር የለም፤ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። እኛ ደግሞ ከሴሉ አውጥተን መብል ላይ ስናስቀምጠው ምጣድ ለሌለው ሰው ዱቄት ሰፍረን እየሰጠነው ነው። ያለው ጂን የሚበቃውም ዝግ ላለ ኑሮ ነው፦ ለሁለት ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

(በሽታው በመድኃኒት ፈጽሞ እንደሚድን እርስዎ ያውቃሉ፤ የምጽፈው ለሌሎቹ አንባቢዎች ነው።)

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ውድቀት እንጂ ምኑ ነው ዝግመተ ለውጥ?

መልስ፦ ዝግመተ ለውጥ ለማንም መሻሻልን ቃል አልገባም፤ ላለበት ቦታ የተስማማው ይተርፋል፣ በቃ። ሪቻርድ ሌንስኪ የተባለ ተመራማሪ በ1988 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ዘር የተገኘ ኢ. ኮላይን በ12 ብልቃጥ ጀምሮ፣ በየቀኑ ጥቂቱን ወደ አዲስ መብል እያዛወረ፣ በየ500 ትውልዱ ናሙና በበረዶ እያስቀመጠ አቆየው። ከ31,000 ትውልድ በኋላ በአንዱ ብልቃጥ ውስጥ ሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር የሚበላ ተገኘ፤ ኢ. ኮላይ አየር ባለበት የማይችለው ነገር ነው። ስለዚህ ሁሉም ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ራይቦዝ የሚባለው ስኳር ነው፦ መብሉ ውስጥ ስላልነበረ አሥራ ሁለቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ እርሱን የመብላት ችሎታቸውን ገና በጠዋቱ ጣሉ።

ጥያቄ፦ ዶሮ አረባለሁ። ለእንስሳ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሰው ባክቴሪያ ምን ያደርገዋል?

መልስ፦ ብዙ። ባክቴሪያ ጂን የሚያገኘው ከወላጁ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤትም ይቀበላል። ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት አለ፤ ባክቴሪያዎች ገልብጠው ይሰጣጣሉ፣ የሌላ ዝርያ ለሆነም ጭምር። በ2015 መጨረሻ ከቻይና የተዘገበው ይህ ነበር፦ ኮሊስቲን ለተባለው የመጨረሻ አማራጭ መድኃኒት እንዳይበገሩ የሚያደርግ ጂን በፕላዝሚድ ተጭኖ ከአሳማ፣ ከሥጋና ከሕሙማን በተወሰደ ኢ. ኮላይ ውስጥ ተገኘ። ኮሊስቲን እዚያ ለእንስሳት እርባታ በሰፊው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ «እንዳይታመሙ» እያሉ ለጤነኛ ዶሮዎች አንቲባዮቲክ በውኃ መበጥበጡን ቢተዉት ይሻላል።

ቲቢ ግን ከጎረቤት አይበደርም። መድኃኒት የሚላመደው በራሱ ዲኤንኤ ላይ በሚደርስ ስህተት ነው። በአንድ መድኃኒት ብቻ የማይታከመውም ለዚህ ነው፤ አንዱን ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ የተገኘ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። የቲቢ ባክቴሪያ በጂኖሙ በትልልቅ የዘር ሐረጎች ይከፈላል። ሰባተኛው ሐረግ በ2012 እና በ2013 ሲዘገብ የተገኘው ከአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ነው፤ አገሩም በዋናነት ሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይ የወልዲያ አካባቢ ነው። በዘር ግንዱ ላይ በጥንታዊዎቹና በዘመናዊዎቹ ሐረጎች መካከል ይቀመጣል፤ ሲያሳድጉትም ከሌሎቹ ይዘገያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአለርት ሆስፒታል ጎን ያለው የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው ከላይ ከጠቀስኩት ሀንሰን ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መሣሪያ የለንም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከኮምፒውተርህ። የተነበቡት ጂኖሞች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በነፃ ይወርዳሉ። የቲቢውንና የሥጋ ደዌውን አውርድ፤ ከሞቱት ጂኖች አንዱን ምረጥና ከቲቢው አቻው ጋር ጎን ለጎን ዘርጋ። ፊደል በፊደል እየተከተልክ የመጀመሪያዋን ስብራት ፈልግ፤ ስታገኛት ጻፍልኝ።