ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በየጊዜው የጻፍኳቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች በራሴ ወጪ ላሳትም ነው። ማተሚያ ቤቱ የቅጂ መብት ገጹን ጽሑፍ እንዳመጣ ጠይቆኛል። ከሌላ መጽሐፍ ላይ ልገለብጠው አስቤ ፈራሁ። መብቴ እንዲጠበቅ አስቀድሜ ማስመዝገብ አለብኝ? በገጹስ ምን ይስፈር?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብትዎ የሚመነጨው ከድርሰትዎ እንጂ ከምዝገባም ሆነ ከዚህ ገጽ ስላልሆነ፣ አይስጉ። ጥበቃው በሕይወት ዘመንዎና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ስለሚሆንዎ እመክርዎታለሁ፤ ግዴታ ግን አይደለም።

የገጹ ሥራ ባለመብቱ ማን እንደሆነ መንገር ነው። ከቅጂ መብት ምልክቱ ቀጥሎ ሙሉ ስምዎንና መጽሐፉ የሚወጣበትን ዓመት ይጻፉ። «ዓ.ም.» የምትለዋ ከተዘነጋች በውጭ አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍዎን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቶ ሊመዘግበው ስለሚችል፣ የጎርጎርዮሱን ዓመት ጎን ለጎን ማስፈሩ ይበጃል።

አሳታሚዋ እርስዎ ነዎት፤ ማተሚያ ቤቱ አታሚ ብቻ ነው። የማተሚያ ቤቱን ስልክ ብቻ ይዘው የሚወጡ መጻሕፍት ያሳዝኑኛል፤ ከዓመታት በኋላ አንዱን ታሪክ ሊተረጉም የፈለገ ሰው ደራሲዋን የሚያገኝበት መንገድ የለውምና። ቶሎ የማይለወጥ የኢሜይል ወይም የፖስታ ሣጥን አድራሻ ያኑሩ።

ከሌሎች መጻሕፍት የሚገለበጠው «ያለ ደራሲው ፈቃድ ከፊሉንም ቢሆን መጥቀስ ክልክል ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሕጉ አልፎ የሚሄድ ነው። አዋጁ ምንጭን ገልጾ በተገቢው መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ሐያሲ እንዲጠቅስዎም ይፈልጋሉ። «ያለ ደራሲዋ የጽሑፍ ፈቃድ ማባዛት፣ መተርጎምና ወደ ድምፅም ሆነ ፊልም መለወጥ የተከለከለ ነው» ቢሉ ይበቃል።

የሽፋኑን ሠዓሊ ስም ያስፍሩ፤ ሥዕሉን ለምን ለምን እንደሚጠቀሙበትም አስቀድመው በጽሑፍ ይዋዋሉ።

ባለ 13 አኃዙን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ የገጽ ቅንብሩ ሳያልቅ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ቁጥሩ መጽሐፉን ይለያል እንጂ መብት አይሰጥም። ያለ ለውጥ ደግመው ካሳተሙ «ሁለተኛ ኅትመት» ብለው በዚያው ቁጥር ይቀጥሉ፤ ታሪክ ጨምረው ወይም አሻሽለው ካወጡት ግን «ሁለተኛ እትም» ስለሚሆን አዲስ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የመጀመሪያው እትም ዓመትም ከገጹ አይሰረዝ።