ሁለት ቁና ገብስ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠራ አንዲት ልጅ ቤቴ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ገበሬው ይወዳችሁ ነበር ወይስ ይፈራችሁ?» አለችኝ። «ይወደን ነበር» አልኳት ወዲያው። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1978 ዋግ ውስጥ፣ ደርግን በትጥቅ ይታገል የነበረው የኢሕዴን (የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) ታጋይ ነበርኩ፤ ሥራዬ ሕዝብ ማደራጀት። የ77ቱ ረሃብ ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም። ገበሬው ሁለት መንግሥት ነበረው፤ ቀን የደርግ ጦር፣ ማታ እኛ። ማታ አብልቶን ጠዋት ፍየሎቹን በዱካችን ላይ ይነዳል፤ የኮንጎ ጫማ ዱካ ያስታውቃላ! ይህ ፍቅር ይሁን ፍርሃት ዛሬም መለየት ያቅተኛል።

አንድ ማታ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገባን። ሁለት ቁና ገብስ ሰፈረችልን። ከሕዝብ በነፃ አንወስድም ብለን እንኮራ ስለነበር፣ ከደብተሬ ብጣሽ ወረቀት ቀድጄ «ከድል በኋላ የሚከፈል» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን፣ መጠኑን፣ ቀኑን። ፈረምኩበት ደግሞ።

«እህሉን ውሰዱ ልጄ፣ ወረቀቱ ይቅርብኝ» አለች።

አሻፈረኝ አልኩ። «መብትሽ ነው እናቴ» እያልኩ ፖለቲካ አስተማርኳት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ! ዝም ብላ ተቀበለችኝ፤ አራት ላይ አጥፋ ሙዳይዋ ውስጥ ከተተችው። ማንበብ አትችልም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወታደሮቹ ለአሰሳ ወጡ። ሙዳዩ ተገለበጠ። እሷን ሊወስዱ ሲሉ ትልቁ ልጇ «የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። ይዘውት ወረዱ። አልተመለሰም።

ኋላ ኦዲተር ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ያለ ደረሰኝ ሳንቲም አታንቀሳቅሱ እያልኩ ስንቱን ጀማሪ አስለቅሻለሁ። አሁንም እላለሁ። ያን ወረቀት ግን የጻፍኩት የራሴ ኅሊና እንዲተኛ ነው።

እናንተ ስልካችሁ ላይ ተጋድማችሁ «ሕዝቡ ከጎናችን ነው» ስትሉ እናደዳለሁ። (እኛም ያው ነበርን፤ ስልክ ብቻ ነው ያልነበረን።) ከታጋይ ጎን መቆም ስንት እንደሚያስከፍል ገበሬውን ጠይቁት። ሰኔ 15 ቀን 1980 ትግራይ ሐውዜን ላይ የደርግ አውሮፕላን ቦምብ የዘነበው ገበያተኛው ላይ ነው።

በ1984 ብር ተበድሬ ሄድኩ። አወቀችኝ። ጠላ ቀዳችልኝ። ስለ ልጇ እኔም አላነሳሁ፣ እሷም አላነሳች። ብሩን ሳወጣ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና፣

«ወረቀቱን እኮ ወስደውብኛል ልጄ፤ ያለሱ ይሆናል?» አለችኝ።