ለትራክ ቱቡላር ስትገዛ ማጣበቂያውን አስቀድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጀርመን እህትህ ጋ ስትሄድ ቬሎድሮም፣ ማለትም የብስክሌት መወዳደሪያ ትራክ ላይ፣ ልትነዳ ነው። ወርዱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነውን የሐር ቱቡላር (የውስጡን ላስቲክ ይዞ ዙሪያውን የተሰፋ፣ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የሚጣበቅ ጎማ) ልግዛ ወይ፣ እስከዚያስ ከኮምቦልቻ ደሴ ልለማመድበት ወይ ብለሃል። ከሁለተኛው ልጀምር፤ በፍጹም አትለማመድበት።

እኔ ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ቱቡላር ገጥሜ ከደሴ በሐረጎ በኩል ወረድኩ። ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ፤ ፍሬን ሳትይዝ አትወርደውም። ፍሬኑ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ማስቲሹ ደግሞ ሲሞቅ ይላላል። ኮምቦልቻ ደርሼ ስቆም ቀጥ ብሎ የነበረው ቫልቭ ወደ ጎን ዘሟል። ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። ቸርኬውን ብነካው ጣቴን ፈጀኝ። አሁንም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። የቀባሁት የጫማ ማስቲሽ ነበር፣ ያውም አንዴ በወፍራሙ።

የትራክ ብስክሌት ፍሬን ስለሌለው ይህ ሙቀት የለበትም። ግን የ250 ሜትር የእንጨት ትራክ ኩርባው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ያጋድላል። እዚያ ጎማ ከቸርኬው ከወጣ አንተም ትወድቃለህ፣ ከኋላህ ያለውም ይወድቃል። ለዚህ ነው ከጎማው ስም በፊት ማጣበቂያውን የማነሳብህ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ መጀመሪያ እህትህን አስጠይቅ፤ ትራኩ ጣሪያ ያለው የእንጨት ነው ወይስ ደጅ ያለ ኮንክሪት? እንጨት ከሆነ ከ19 እስከ 22 ያለው ይሆንሃል፣ ከ10 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይም ይሞላል። ኮንክሪት ከሆነ 23ቱን ያዝ፣ አየሩንም ቀነስ አድርገው። ሻካራ ወለል ላይ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ይነጥራል እንጂ አይፈጥንም። ብቻ ጎማውና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የአየር ልክ አትለፍ። ጨርቁ ሐር የሆነው ለጀማሪ ውድ ነው፤ የጥጡ ይበቃሃል። የውስጡ ላስቲክ ላቴክስ (ስስ የተፈጥሮ ጎማ) ከሆነ አየሩ በአንድ ሌሊት ስለሚቀንስ ከመንዳትህ በፊት ሁሌ ትነፋዋለህ። ያ ብልሽት አይደለም።

የአስፋልት ልምምድህን በተራ ጎማ ሥራ። የትራክ ቱቡላር ቆዳው ስስ ነው፤ አንዲት ጠጠር ትበቃዋለች። ሲበሳ ደግሞ ስፌቱ ተፈትቶ፣ የውስጡ ተለጥፎ፣ እንደገና መሰፋት አለበት። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በአሥር ደቂቃ የምትመለስበት ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ከመንገድ አሸዋ ይዞ የገባ ጎማ እንጨቱን ይጭረዋል፤ አይወዱልህም።

ስታጣብቅ አትቸኩል። አዲሱን ጎማ ያለ ማስቲሽ ቸርኬው ላይ አጥልቀህ፣ ነፍተህ አንድ ሁለት ቀን አቆየው፤ ይሳብልሃል። ከዚያ ለቱቡላር የተሠራውን ማስቲሽ ቸርኬውን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባው፣ በየመሃሉ እያደረቅህ። የጎማውንም ሆድ ቀባ። መጨረሻ ላይ አንድ ስስ ጨምረህ ከቫልቩ ጀምር፤ በሁለት እጅህ ግራና ቀኝ እየሳብህ ወደ ታች ውረድ። አስተካክለህ ንፋውና 24 ሰዓት አትንካው። በኋላ አየሩን አስተንፍሰህ በአውራ ጣትህ ጠርዙን በኃይል ግፋ። ትንሽ እንኳ ከተነሳ አውልቀህ እንደገና ሥራ።

ጎማውን ካገኘህ ቸርኬህን ይዘህ ቅዳሜ ደሴ ውጣ። የመጀመሪያውን ልባስ አብረን እንቀባለን፣ ሌሊቱን ይደርቃል፣ እሁድ ትቀጥላለህ።