ድምፅ አልባው ቪዲዮና የ85,000 ብር ብድር

ከመሐል ሜዳ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «መምህርት ነኝ። ሸዋ ሮቢት ለሚኖር የአጎቴ ልጅ፣ ለሽንኩርት እርሻው የውሃ ፓምፕ እንዲገዛ 85,000 ብር አበድሬው ነበር። 60,000ውን በባንክ ላክሁለት፣ 25,000ውን በእጁ ሰጠሁት። የተጻፈ ነገር የለም። አሁን ዛሬ ነገ እያለ ዓመት ሊሞላው ነው። በቅርቡ በኢሞ ቪዲዮ ስንደዋወል ስልኬ ላይ ባለው ስክሪን ሪከርደር ቀዳሁት። ‹እትዬ፣ ያንቺን ብር አልክድም፣ ሽንኩርቱ ሲነሳ እሰጥሻለሁ› ብሎኛል። ቅጂውን ስከፍተው ግን ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም። ድምፁ እንዲገባ ምን ላድርግ? ሳልነግረው መቅዳቴስ ያስከስሰኛል? ፍርድ ቤት ቅጂውን ይቀበለኛል? ወንድሜ ደግሞ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቂውና ይፈር ይለኛል።»

ውድ ጠያቂያችን፣

የድምፁን ነገር በአጭሩ እንጨርሰው። ስልክዎ አልተበላሸም። እርስዎም የተሳሳተ ነገር አልነኩም። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ አንድ አፕ የሌላውን አፕ የጥሪ ድምፅ እንዳይወስድ ተደርጓል። ስክሪን ሪከርደሩ የዘፈን ወይም የቪዲዮ ድምፅ ይቀዳል፤ በኢሞ የሚመጣውን ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። ማይኩን ቢከፍቱትም ጥሪው ማይኩን ስለያዘው መቅጃው ጋ የሚደርሰው ዝምታ ነው። አይፎንም የፌስታይም ጥሪ ሲቀዳ ምስሉን እንጂ ድምፁን አይወስድም። ይህ ሁሉ የሰው ንግግር ሳያውቅ እንዳይቀዳበት ተብሎ የተደረገ ነው። አይፎን በ2017 መጀመሪያ የስልክ ጥሪ መቅጃ ሲጨምር እንኳ ጥሪው እየተቀዳ መሆኑን ለሁለቱም ወገን ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርጎ ነው።

ስለዚህ ድምፁን የሚያስገባ አፕ ፍለጋ አይድከሙ። በተለይ ከየትም የተገኘ የጥሪ መቅጃ፣ የባንክ አፕዎ ባለበት ስልክ ላይ እንዳይጭኑ አደራ እላለሁ።

ደግሞም ድምፁ ጥርት ብሎ ቢገባ ኖሮ እንኳ ገንዘብዎን ላያስመልስልዎት ይችላል። ከደብዳቤዎ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 አለ። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ውስጥ «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ብሎ በሚሰጠው የእምነት ቃል፣ ወይም እዚያው በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት አይቻልም ይላል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ዶሮ እንኳ በአግባቡ አይገዛም። ቁጥሩ ግን አልተነካም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ፍርድ ቤት ከቆመ በኋላ ነው። ሦስት ሰው ምስክር ይዞ ይመጣል፣ ሦስቱም ገንዘቡ ሲቆጠር አይተዋል፣ ዳኛው ግን ብድሩን በእነሱ ቃል ማስረዳት አይቻልም ይላሉ። ከችሎት ሲወጣ ፊቱን ማየት ያሳዝናል።

የአጎትዎ ልጅ በኢሞ «አልክድም» ማለቱ እምነት ነው። ነገር ግን ሕጉ የፈለገው ፍርድ ቤት ውስጥ የተሰጠን እምነት ነው። ቅጂውም የኤሌክትሮኒክ መልእክት ስለሆነ እንደ ጽሑፍ ይቆጠር ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። እኔ ግን የአንዲት መምህርትን 85,000 ብር በዚህ ክርክር ላይ አላስይዝም።

የባንክ ደረሰኝዎ ጽሑፍ ነው፤ በደንብ ያስቀምጡት። የሚያሳየው ግን 60,000 ብር ከእርስዎ ሂሳብ ወደ እሱ ሂሳብ መግባቱን ነው። ለምን እንደገባ አይናገርም። ሲልኩ በምክንያቱ ቦታ ላይ «ለቤተሰብ» ብለው ሞልተው ከሆነ፣ ስጦታ ነው ብሎ ለመከራከር መንገድ ይከፍትለታል። በእጁ ለሰጡት 25,000 ደግሞ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

እንግዲህ መፍትሔው እጅዎ ላይ ያለው ያው ስልክ ነው፤ ቪዲዮውን ትተው ይጻፉለት። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ሕግ ጽሑፍን በሚጠይቅበት ቦታ፣ ኋላ ተመልሶ ሊታይ የሚችል የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያንን ሊያሟላ ይችላል። ለምሳሌ እንዲህ ብለው ይላኩለት፦ «ወንድሜ፣ ለውሃ ፓምፕ መግዣ ያበደርኩህን 85,000 ብር፣ 60,000ውን በባንክ 25,000ውን በእጅህ የሰጠሁህን፣ መቼ ትመልስልኛለህ? ቁርጡን ጻፍልኝ።» ይኸው ነው። ማታለል የለበትም፣ ወጥመድም የለበትም፤ እውነቱን እየጠየቁት ነው። «እሺ እትዬ» ብቻ ብሎ ከመለሰ በዚያ አይርኩ። ገንዘቡንና ቀኑን በራሱ ቃል እንዲጽፍ በትሕትና ደግመው ይጠይቁት።

ከተቻለ በተራ የስልክ መልእክት፣ በኤስኤምኤስ ይሁን። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን የጻፈውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ዛሬ ያመነበትን ነገ ላያገኙት ይችላሉ። ኤስኤምኤስ ግን እርስዎ ስልክ ላይ ከገባ በኋላ እሱ ሊሰርዘው አይችልም። መልሱ በቴሌግራም ከመጣ ወዲያው ስክሪንሹት ያንሱት፤ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ አብረው ይታዩ። ስልኩንም አይሽጡት፣ ፎርማትም አያድርጉት። ተቃራኒው ወገን «ይህ የእኔ አይደለም» ቢል ዋናው ከስልኩ ላይ መታየት አለበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ ግንኙነትን ያለ ፈቃድ መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል፤ «መጥለፍ» ሲልም መቅዳትን ጨምሮ ነው። በእኔ አረዳድ የአዋጁ ዒላማ በሁለት ሰዎች ወሬ መሐል ገብቶ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው ነው። እርስዎ የጥሪው አንድ ወገን ነዎት፤ የተነገረው ለእርስዎ ነው። ያም ሆኖ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ሳይነግሩ መቅዳትን ልማድ አድርገው እንዲይዙት አልመክርም። «ለማስታወሻ እየቀዳሁት ነው» ብሎ መናገር ምን ይከብዳል?

በተመሳሳይ ነገር ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 31 የሚለውን በጣም እወደዋለሁ። ምስጢር የሆነ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ለሌላ መግለጥ አይችልም። ሆኖም ተገቢ ጥቅም እንዳለው ካሳየ ለፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይችላል። ያኔ ኢሞ አልነበረም፣ ሐሳቡ ግን ለዛሬም ይሆናል። ለዳኛ ማሳየት ሌላ ነው፣ ለሰፈር መበተን ሌላ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ስለ ወንድምዎ ምክር በግልጽ እናገራለሁ። አይልቀቁት። እባክዎን አይልቀቁት። ያው አዋጅ 958 አንቀጽ 13፣ የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው ተበዳዩ አቤት ካለ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27ም የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። «የቤተሰብ ግሩፕ ነው» ማለት አያድንም፤ ከዚያ ግሩፕ ማን ወዴት እንደሚያሻግረው አያውቁም። «ካልከፈልክ እለቀዋለሁ» የሚል መልእክት ደግሞ ጭራሽ እንዳይልኩ። ያኔ አበዳሪዋ እርስዎ ተከሳሽ፣ ተበዳሪው ከሳሽ ይሆናሉ። ገንዘቡም እንደተያዘ ይቀራል።

ወደ ክስ ከመሄድዎ በፊት ሽማግሌ ይላኩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ለመንዝ ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም፤ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። እርቁ በቃል እንዳይቀር። መጀመሪያም የጎዳዎት በቃል መቅረቱ ነው። ለአጎት ልጅ «ፈርምልኝ» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል፤ በሽማግሌ ፊት ሲሆን ግን ነውሩ ይቀልላል።

በሽማግሌ ካልሆነ ክስ አለ። አይቸኩሉ፤ በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ነው። ከክስ ማመልከቻዎ ጋር የባንክ ደረሰኙንና የመልእክቶቹን ሕትመት በማስረጃ ዝርዝር ያያይዙ። ክሱ ሲሰማ ዳኛው ተከሳሹን «ገንዘቡን ተበድረሃል ወይስ አልተበደርክም?» ብለው ይጠይቁታል። እዚያ ቆሞ «አዎ» ካለ ቁጥር 2472 የሚፈልገው እምነት ተገኘ ማለት ነው። «አልክድም» የሚል ሰው መሆኑን ከደብዳቤዎ ስላየሁ ይህ ተስፋ ቀላል አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ቆላ ሲወርዱ ወረቀት አስይዘው ይላኩ። የብድሩ መጠን በአኃዝም በፊደልም፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ በምስክርነት ይፈርሙበት። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሁለት ምስክር እንዲኖረው ቁጥር 1727 ስለሚጠይቅ፣ በኋላ በዚህ በኩል ክርክር እንዳይነሳ ነው። ሽንኩርቱ የሚነሳበትን ወር ጠይቀው የመክፈያውን ቀን ከዚያ በኋላ ያድርጉለት፤ አንድ ጊዜ መክፈል ከከበደው በሁለት ይከፈል። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እርስዎ ጋ ይቀመጥ።