ከእሱ የደበቅኩት ዕቁብ

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 6 ዓመት ሆኖናል፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ አዲስ አበባ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ግብር እና ጡረታ ተቆርጦ ለባለቤቴ 22,000፣ ለእኔ 14,000 ብር ይገባል። ኪራይ 12,000፣ የልጆች ትምህርት ቤት 5,000፣ አስቤዛ 11,000፣ ትራንስፖርት 3,000 ነው። የቀረው የት እንደሚገባ ሳናውቀው ያልቃል። «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» እየተባባልን እንጣላለን። ከኢንተርኔት አይቼ ገቢያችንን 50፣ 30፣ 20 ብዬ ብከፋፍለውም ሁለት ሳምንት አልቆየም። በቅርቡ ደግሞ ስልኩ ላይ የቴሌብር መልእክት አየሁ። ለካ ሳይነግረኝ በየወሩ ለእናቱ 3,000 ብር ይልካል! እኔ እንኳ መሥሪያ ቤት የወር 2,000 ብር ዕቁብ የገባሁት ለክፉ ቀን ብዬ ነው፤ ለእሱ አልነገርኩትም። አባቴ ሲሞት እናቴ ባዶ እጇን ስትቀር አይቻለሁ። መስከረም በመጣ ቁጥር ከወንድሜ እንበደራለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእሱ 3,000 ብር በቃለ አጋኖ ነው የተጻፈው። ያንቺ 2,000 ግን «እኔ እንኳ» ብላ ቀስ ብላ አለፈች። አልፈርድብሽም፤ ሁላችንም የራሳችንን ድብቅ ገንዘብ ጥንቃቄ፣ የሌላውን ክህደት ነው የምንለው።

ሂሳቡን ልደምረው። ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ አስቤዛና ትራንስፖርት 31,000 ብር ነው። ከ36,000 ውስጥ 5,000 ይቀራል። የእናቱ 3,000፣ የዕቁቡ 2,000፤ አለቀ። በየወሩ የምትጣሉበት «የጠፋ» ገንዘብ እሱ ነው። ማንም አላባከነውም። ከፊሉን እሱ፣ ከፊሉን አንቺ ይዛችሁ «የት ገባ?» ትባባላላችሁ።

ያ የ50፣ 30፣ 20 ቀመር ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ግማሹ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባ። የእናንተ ግማሽ 18,000 ነው። ኪራይና ትምህርት ቤት ብቻ 17,000 ወሰዱ፤ ጤፉ ገና አልተገዛም! በእናንተ ልክ የተሰፋ ልብስ አይደለምና እሱን ተይው።

ዕቁብሽን ግን እንዳትተይው። ሪቻርድ ታለር የሚባሉ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ምሁር፣ ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ በየከረጢቱ ከፋፍሎ እንደሚያስቀምጥ ጽፈዋል። ስም የተሰጠው ብር ቶሎ አይነካም። እናቶቻችን የመቀነታቸው ጫፍ ላይ ብር ሲቋጥሩ ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። ዕቁብ ላይ ደግሞ ዳኛው አለ፣ ጓደኞችሽ አሉ፣ ይሉኝታው አለ። ቦርሳሽ ውስጥ ቢሆን ያ 2,000 ሳምንት አይቆይም ነበር።

የእናንተ በጀት ስም ያልሰጣቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ እናቱ ናቸው። ከእሳቸው በመቀነስ አትጀምሩ። 3,000ው እንደ ኪራዩ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ልኩ ይታወቅ፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ተነጋግራችሁ ላኩ። ከቻልሽ አንዳንዴ አንቺ ላኪላቸው፣ ደውይላቸውም። ሁለተኛው መስከረም ነው። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምዝገባ፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፤ በየዓመቱ እንደሚመጣ እያወቅን በየዓመቱ ዱብ ዕዳ ይሆንብናል። ያለፈውን መስከረም ወጪ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። ዕቁብሽን ለመስከረም አድርጉት፤ 12 ሰው ከሆናችሁ ዕጣው 24,000 ብር ነው። ከወንድምሽ የምትበደሩት ከዚያ ይበልጣል ብለሽ ነው?

«ታዲያ የእኔ የክፉ ቀን ገንዘብ የት ሊሄድ ነው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፤ የእናትሽን ነገር ያየ ሰው ባዶ እጁን እንቅልፍ አይወስደውም። ከአስቤዛው 500 ብር ተቆርጦ በስምሽ ባንክ ይግባ። እሱም መኖሩን ይወቅ፣ ግን አይጠይቅሽ። ለእሱም እንደዚያው 500 ይኑረው። አስቤዛው 10,000 ይሆናል ማለት ነው፤ ይከብዳል፣ አልዋሽሽም።

ቀድመሽ የምትናገሪው አንቺ ሁኚ። ወሩ ሲያልቅ አይሁን፤ ያኔ ሁለታችሁም ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ነው የምትውሉት። ደመወዝ የገባ ሰሞን፣ እሁድ፣ ልጆቹ ሲተኙ ይሻላል። በቴሌብሩ አትጀምሪ። «መሥሪያ ቤት ዕቁብ ገብቻለሁ፣ ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ» በይና የእናትሽን ታሪክ ንገሪው። ከዚያ ዝም በይ። የእናቱን ጉዳይ ራሱ የማንሳቱ ዕድል ሰፊ ነው። ቢቆጣም የዚያን ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ አታውጪ፤ ለሚቀጥለው እሁድ አቆዪው።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ደመወዝሽን በግድ የሚቀማ ወይም እጁን የሚያነሳብሽ ቢሆን ኖሮ ዕቁቡን ንገሪው አልልሽም ነበር። ከጻፍሽው ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ካለ ግን መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ምክሬ ሌላ ይሆናል።

ዕጣው ገና ካልደረሰሽ ነገውኑ የዕቁቡን ዳኛ አነጋግሪ። የነሐሴውን ተራ የሚለዋወጥሽ ሰው አይጠፋም።