በጀቱ ጸድቆ ገንዘቡ የት ሄደ? (መልስ)

ወንድሜ፣ «በጀት ጸደቀ ሲባል በዜና ሰማን፤ ቀበሌ ስንጠይቅ ገና አልደረሰም ይሉናል» ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዜናው የፌዴራሉን ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ለየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጣሪያ፣ ማለትም ከዚህ አትለፉ የሚባለውን መጠን፣ ይሰጣል፤ ጥያቄያቸውን ይሰማል። ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየውና ለተወካዮች ምክር ቤት ይመራዋል። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ፌዴራሉ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ ፌዴሬሽን ምክር ቤት በወሰነው ቀመር ይከፋፈላል።

ቀጥሎ የአማራ ክልል መቀመጫ ባሕር ዳር አለ። ክልሉ የራሱን በጀት ያጸድቃል፤ ከዚያ የከተማችን የጎንደር ምክር ቤት ይሰበሰባል። እስከዚያ ቀበሌው ምን ይበልህ?

ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ሰኔ ላይ ፒያሳ ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም ጭኖ የሚከንፍ ባጃጅ ካየህ፣ አንዱ ቢሮ ጨንቆት ነው።