መልስ፦ ኮቪድ የጎዳው ጤናችንን ነው ወይስ ኪሳችንን?

ወዳጄ፣ «የሞተው ሰው ጥቂት ነው፤ ታዲያ ኢኮኖሚው ለምን ተናጋ?» ብለሃል። ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱን ነጣጥለህ አትያቸው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በጥቂት ቀናት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከቤት አትውጡ ግን አልተባለም። ለምን? የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝ ሰው ቤት ከዋለ ምን ይበላል? ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሄደ። ያኔ ማን እንደከፈለ ታውቃለህ፤ ያው ተሳፋሪው ነው።

ትልቁ ምት ከውጭ ነው የመጣው። አበባችን የሚሸጠው አውሮፓ ነው፤ እዚያ ገበያው ሲዘጋ የተቆረጠው አበባ ተጣለ። አየር መንገዱ ግን ጉድ ሠራ። መንገደኛ ሲጠፋ፣ ከአውሮፕላኖቹ ወንበር እየነቀለ ጭነት ጫነባቸው። ብዙ የዓለም አየር መንገዶች ለመንግሥት እጃቸውን ሲዘረጉ እሱ በካርጎ ቆመ። ከቻይና ለአፍሪካ የተለገሰው ጭንብልና መመርመሪያም በቦሌ በኩል ነው የተከፋፈለው።

ስለ ጤናው፣ በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7,500 በላይ ነው። ቁጥሩን እንዳለ አትውሰደው። ምርመራው ጥቂት ነበር፣ ብዙ ሰው ደግሞ ቤቱ ነው የሚሞተው። ደግሞ ሌላውን በሽታ አትርሳ፦ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሲሰጥ፣ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሲዘገይ፣ በፍርሃት ክትትሉን ያቋረጠ የስኳር ታማሚ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተቆጠረም።